የሐዋሳን ሐይቅ በጠዋት

ሐዋሳ የምትሄዱ ከሆነ ጀልባውን ለጠዋት አድርጉት። በዚህ ጉዞዬ ጠዋትም ከሰዓትም ሐይቁ ዳር ስለቆየሁ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማለዳ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ስደርስ ውሃው ረግቶ ተኝቷል። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር እየሳቡ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተኮልኩለው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ እጁ ይፈጥናል፤ ቢላዋውን ከጭራ ወደ ራስ ሲያስኬደው ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዱ ላይ ይለጠፋል።

መረባቸውን የሚያራግፉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቆምኩ። «አባባ፣ ከሰዓት በጀልባ ብንወጣ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ምን አስቸኮለዎት አትበለኝ እንጂ አሁኑኑ ውጣ ልጄ። ከሰዓት ነፋስ አለ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል። የመሬቱ አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው አየር በቦታው ይገባል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ደግሞ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ይህ የከሰዓት ነፋስ ከምዕራብ፣ በውሃው ላይ አልፎ ነው የሚደርሳት። ሞገዱም መንገዱን ሙሉ እያደገ ይመጣል።

ምክራቸውን ሰምቼ በጠዋት ወጣሁ። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ አቅጣጫ ሄደን ጉማሬ ከሩቅ አየን። ሞተሩ ሲጠፋ የወፎቹ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ደስ ይላል።

ስመለስ ስልኬ ላይ የነፋስ ትንበያ ከፈትኩ። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። እሱ አማካዩ ነው። አጠገቡ ያለው ትልቁ ቁጥር ግን ለጥቂት ሰከንድ ድንገት የሚመታውን ነፋስ ያሳያል። ጀልባ የሚገለብጠው ይኸኛው ነው። ለምሳሌ አማካዩ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ድንገተኛው 30 ቢል፣ «እጥፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰዓቱንም ልብ በሉ፤ 14:00 የሚለው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ትንበያውን ብቻ ማመን ግን አይበቃም። ከታወቁት የዓለም ትንበያዎች አንዱ፣ የአውሮፓው፣ ምድርን የሚከፋፍለው ጎናቸው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ክፍሎች ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ በጠቅላላ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ላለ ሐይቅ የሚደርሱት ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከመሬትና ከውሃ የሚነሣ የአካባቢ ነፋስ በቀላሉ ያመልጠዋል። በዝናብ ወቅት ደግሞ ይብሳል። ነጎድጓድ ካዘለ ደመና ሥር ቀዝቃዛ አየር ተደፍቶ በየአቅጣጫው ይበተናል። ዝናቡ ሳይደርስ ነፋሱ ቀድሞ ይመታል። ሰማዩ በአንድ በኩል ከጠቆረ፣ ስልኩ ምንም ይበል ምን፣ ወደ ዳር መቅረብ ነው።

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ካለው መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ቡና እየጠጣሁ ነፋሱ ተነሣ። መጀመሪያ ውሃው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ታየ። ከዚያ ነጭ አረፋ መጣ። የታሰሩት ጀልባዎች እርስ በርስ መጋጨት ጀመሩ።

ትንንሽ ልጆች የያዘ አንድ ቤተሰብ ባለ ጀልባውን «ትንሽ ዞር አድርገን፣ እንጨምርልሃለን» እያለ ይለምናል። ባለ ጀልባው አሻፈረኝ አለ። «ነገ በጠዋት ኑ፣ በዚሁ ዋጋ አወጣችኋለሁ» አላቸው። እውነቱን ለመናገር ልቤን ነካው። የዕለት ገቢውን ነው የተወው። እንዲህ ያለ ባለ ጀልባ ስታገኙ አትጨቅጭቁት፤ ስልኩን ተቀበሉትና በማግስቱ ደውሉለት። ስትወጡም ላይፍ ጃኬቱን ከመቀመጫው ሥር አስወጥታችሁ መጀመሪያ ለልጆቹ አልብሱ፤ ውሃው የረጋ ቢመስልም።