ደሴና ሐይቅ በቅዳሜና እሑድ፦ በከፍታ የታቀደ ጉዞ

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ርቀት በካርታ ላይ ብቻ የሚያይ ሰው ለሁለቱም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። እኔ ግን ኮምቦልቻ ስለምኖርና ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት ስለማውቀው፣ ጓደኞቼ ቅዳሜና እሑድን በደሴና በሐይቅ ዳርቻ እናሳልፍ ባሉኝ ጊዜ አስቀድሜ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን የየቦታውን ከፍታ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ የሐይቁ ውሃ ከ2,000 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከራስጌዋ ያለው የጦሳ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የጉዞው ቅደም ተከተል የወጣው ከእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ከፍታውን እንዲህ አጥብቄ ያሰብኩበት ምክንያት አብሮን የሚሄደው ሰው ማንነት ነው። አምስት ነበርን። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጣች፤ እርሷ የከፍተኛ ቦታ ሰው ስለሆነች አላሳሰበችኝም። ሁለቱ ወንድማማቾች የደሴ ተወላጆች ሆነው ኮምቦልቻ የሚሠሩ፣ ዳገቱን ከልጅነታቸው የለመዱ ናቸው። አምስተኛው ግን ሰመራ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ከ500 ሜትር በታች ከሆነ ሞቃት አገር ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል በአውቶቡስ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ዓርብ ማታ ደሴ አሳድሮ ቅዳሜ ማለዳ ጦሳን ውጣ ማለት ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር መጋበዝ ነው። ስለዚህ ጉዞውን እንደ ደረጃ አደረግሁት፦ ዓርብ ኮምቦልቻ እናድራለን፤ ቅዳሜ ደሴን አልፈን ቀኑን ሐይቅ ዳር እንውላለን፤ ቅዳሜ ማታ ወደ ደሴ ተመልሰን እናድራለን፤ ጦሳን የምንወጣው እሑድ ጠዋት ነው። የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ ከተማዋን በመስኮት እያዩ ማለፍ ምን ይሉታል ብላ ተከራክራ ነበር። ይሁን እንጂ የሐይቁ ውሃ ጠዋት ጸጥ እንደሚልና ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚያነሣው የነገሯት የደሴዎቹ ወንድማማቾች ስለሆኑ ተረታች።

ወሩን የመረጥነውም በጥንቃቄ ነበር። በክረምት ሀረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለው መንገድ እንኳ አይታይም፤ በበልግም ዝናቡ ድንገት ነው። ኅዳር ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ፣ ማሳውም ገና ያልታጨደ ስለሆነ እርሱን መረጥን። ብርዱን በተመለከተ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ነበር የላክሁት፦ ጋቢ ያዙ።

ቅዳሜ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ በአሮጌዋ ኮሮላዬ ተነሣን። ነዳጁን ዓርብ ዕለት በቴሌብር ከፍዬ ሞልቼ ነበር፤ ምክንያቱም የነዳጅ ሰልፍ ከፊት ለፊት ያለን ማለዳ ሊበላ ይችላል። በሀረጎ ኩርባዎች ላይ ዋናው ችግር ዳገቱ አይደለም፤ ከጅቡቲ መስመር በባቲ በኩል የሚመጡትና ወደ ሰሜን የሚያቀኑት ተሳቢ የጎተቱ የጭነት መኪኖች ናቸው። ከኋላቸው የሚከተል ሹፌር ሁለት ምርጫ አለው፦ መታገስ ወይም በማይታይ ኩርባ መቅደም። እኔ የምከተለው ደንብ ቀላል ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ርቀቴን ጠብቄ እሄዳለሁ፤ ኩርባ ከመግባቴ በፊት ክላክስ አሰማለሁ፤ የምቀድመው የፊተኛው ሹፌር ራሱ ቦታ ሲለቅልኝና መንገዱን በዓይኔ ሳየው ብቻ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ታላቁ ወንድም የረዳትነቱን ሥራ ወስዶ ከፊት የሚመጣውን ይነግረኝ ነበር። ይህንን ሥራ ለአንድ ሰው አስቀድሞ መስጠት ይጠቅማል፤ ከኋላ ወንበር ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ቅደሚ!» «አትቅደሚ!» ሲል ሹፌር ልቡ ይከፈላልና። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር መንገድ ለቅቆልኝ ስናልፍ አንገቱን አውጥቶ «በርቺ እህቴ!» አለኝ፤ ኋላ ያሉት እስከ ደሴ ድረስ በዚያ ሲቀልዱብኝ ነበር።

ደሴን አልፈን ወደ ሐይቅ ስንወርድ፣ ውሃው በተራሮች መካከል ተዘርግቶ መታየት ሲጀምር መኪናዋን አቁሜ ሁሉም እንዲወርዱ አደረግሁ። ለወሎ ሰው ባሕር ማለት ይኸው ነው። ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን፣ ውሃው ወጥቶ የሚሄድበት ወንዝ የለውም፤ ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውን ይቀበላል እንጂ ለማንም አያቀብልም። ሰመሬው መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ታዲያ ለምን ጨዋማ አልሆነም ብሎ ጠየቀ፤ የወረደው ውሃ ከመሬት በታች መንገድ ሳይኖረው አይቀርም ብሎም ራሱ መለሰ። እርሱ ውሃን ሲያይ የሚያስበው እንዲህ ነው።

በሐይቅ የእስጢፋኖስን ገዳም ማየት ለሚፈልግ ቡድን አስቀድሞ መነጋገር የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ይህን እደጁ ደርሶ መስማት ቅሬታ ያመጣል፤ እኛ ግን ዓርብ ማታ እራት ላይ ስለተነጋገርንበት ማንም አልከፋውም። መሐንዲሱ ብቻውን ሊሳለም ገባ፤ ወንድማማቾቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ከእኛ ጋር በጀልባ መዞርን መረጡ። ገዳሙ ዛሬ በየብስ የሚደረስበት ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው፤ ቀድሞ ግን ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት ይህ ገዳም በዘመኑ ታላቅ የትምህርት ቤት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1262 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ይኩኖ አምላክም እዚያ እንደተማሩ ትውፊቱ ይናገራል። የገዳሙ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» ተብለው በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን የነበራቸውም በዚህ ግንኙነት የተነሣ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት የአራቱ ወንጌል ብራና የዚህ ገዳም ሀብት ነው። መሐንዲሱ ሲመለስ ስለ ብራናው ሳይሆን ስለ ዛፎቹ ነበር ብዙ ያወራን፤ ግቢው ውስጥ ያለው ጥላ ከሰመራ ለመጣ ሰው ራሱን የቻለ በረከት ሳይሆንበት አልቀረም።

እኛ በጀልባ ስንዞር የቀዘፉት አዛውንት የሐይቁን አፈጣጠር አጫወቱን። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ ወደ ፈጣሪ ብትጮኽ፣ በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ ውሃ ሆኖ ልዕልቲቱን ከነወገኖቿ ዋጠ፤ እርሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች ይባላል። ጓደኛዬ «ታዲያ አባባ፣ ሴት ተቀምጣ ባዳነችው መሬት ሴት ለምን አትገባም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም መቅዘፊያውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ እኔ የምቀዝፈው ዳሩን ነው» አሏት። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ለጀልባ ለሚወጣ ሰው የምለው፣ ዋጋውንና የሚዞርበትን ቦታ ሳይሳፈሩ በፊት መስማማት፣ የሕይወት አድን ጃኬት መጠየቅና ከቀትር በፊት መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአዋዜ በልተን ከሰዓቱን በሣሩ ላይ ተጋድመን አሳለፍን።

ስለ ምግብ ካነሣሁ አይቀር፣ ሃይማኖቱ የተለያየ ቡድን በወሎ ሲጓዝ ምግብን በቀን መደልደል ጠብና ይሉኝታን ያስቀራል። ዓርብ ለክርስቲያኖቹ ጾም ስለሆነ ሁላችንም በያይነቱ በላን፤ ቅዳሜ ዓሣ ሆነ፤ ቅዳሜ ማታ ያደርንባቸው የወንድማማቾቹ አክስት ደግሞ ሥጋው እንደማያገናኘን ስለሚያውቁ ሽሮና ምስሩን፣ ጎመኑን አሰናድተው ጠበቁን። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁለቱም ሃይማኖት ስለሚገኝ ማዕድን ማቻቻል የዘወትር ሥራ ነው።

እሑድ ማለዳ ጦሳን ወጣን። መኪናዋን አክስታቸው ደጅ፣ ጎማዋን ወደ ግንቡ አዙሬ በድንጋይ ታኮ አስደግፌ ቅዳሜ ማታ ካቆምኳት በኋላ እስክንመለስ አልነካኋትም፤ የደሴን ገደላማ መንደሮች በመኪና ማየት ለመኪናውም ለሰውም ድካም ነው። በከተማው ውስጥ ባጃጅ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው የእግር ነው። መሐንዲሱ መተንፈሻ ለማግኘት ደጋግሞ ይቆም ነበር፤ ራስ ምታት ግን አልነካውም፤ ይህን የጉዞው ቅደም ተከተል ውጤት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የባሕር ዛፉን መስመር አልፈን የገብሱ ማሳ ላይ ስንደርስ ከተማዋ ከነመላዋ ከእግራችን ሥር ሆነች።

ደሴ ለምን እንዲህ ቀጥና እንደተዘረጋች የሚገባው ከዚያ ላይ ሲያዩዋት ነው። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል፤ በመካከላቸው ያለው መሬት በስንጥቆች መካከል የሰመጠ ጠባብ ሸለቆ ሲሆን የቦርከና ወንዝ በእርሱ ውስጥ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ያለው አፈር በክረምት ውሃ ሲጠግብ ስለሚንሸራተት፣ ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ መሆኗን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። መሐንዲሱ ትንፋሹ እንደተመለሰለት የድጋፍ ግንቦቹን እየጠቆመ ውሃ ማስተንፈሻ ያላቸውንና የሌላቸውን መለየት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ስንዘዋወር ሁላችንም ሳናውቀው ግንብ ስናይ ነበር የዋልነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ከተማ ነበሩ። መሸሻ የሌለውን ይህን ሸለቆ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የዚያን ቀን ጭንቀት መገመት አይከብደውም።

ከወረድን በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ አየን። ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. በደሴ «ንጉሠ ወሎ ወትግሬ» ተብለው ሲነግሡ ከተማዋ የነበራትን ክብር ከአዳራሹ ስፋት መረዳት ይቻላል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፎ ብዙ ቅርስ አጥቷል፤ ወንድማማቾቹ በልጅነታቸው በትምህርት ቤት ጉብኝት ያዩትን እየዘረዘሩ ነገሩን።

ለምሳ ወደ አክስታቸው ቤት ተመለስን፤ ከዚያም ቡና ተፈላ። የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ ቶናው እንዳለቀ ሰዓቷን ስታይ አክስታቸው አይተዋት «የት ትሄጃለሽ የኔ ልጅ? በረካውን ሳትጠጪ ከዚህ ቤት አትወጪም» አሏት። በወሎ የቡና ሥርዓት መንገደኛን የማስቸኮል ልማድ የለም፤ ጭሱ ጨሶ፣ ቆሎው ዞሮ፣ ሦስተኛው ጀባ ተብሎ፣ ምርቃቱ በአሚን እስኪዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እኔ ይህን አውቄ በዕቅዱ ላይ የእሑድን ከሰዓት ባዶ ትቼው ስለነበር አልተጨነቅሁም። ደሴ ውስጥ ዘመድ ያለው ጓደኛ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ጊዜ ካልተወ ወይ የቤቱን እመቤት ያስቀይማል፣ ወይ በጨለማ ሀረጎን ይወርዳል።

የወጪውን ነገር በአጭሩ ልናገር። እኩል መዋጮ አዋጥተን ገንዘቡን ሁሉ ለአንድ ሰው ሰጠን፤ ነዳጅ፣ ጀልባ፣ ዓሣና ለአክስታቸው ይዘን የሄድነው ቡናና ስኳር ሁሉ ከዚያ ወጣ። የተረፈውን ለመሐንዲሱ የአውቶቡስ መሳፈሪያ አደረግነው፤ ከሁሉም ሩቅ የመጣው እርሱ ስለነበር የተቃወመ የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሀረጎን ወረድን። ቁልቁለት ከዳገት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የወጣሁበትን ከባድ ማርሽ ሳልለቅ፣ ፍሬኑን ነካ አድርጌ እየለቀቅሁ እንጂ ረግጬ ሳልይዝ ነው የወረድኩት፤ አንዴም ሰፋ ባለ ቦታ አቁሜ ጎማውና ፍሬኑ እንዲበርድ አደረግሁ። ፍሬን ሲግል የሚሸተውን ሽታ ከሌሎች መኪኖች ማሽተቱ ይበቃል።

በዕቅዳችን ሳይገባ የቀረው ይስማ ንጉሥ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይህ ቦታ ከሐይቅ ወደ ሰሜን በአምባሰል በኩል ስለሚገኝ፣ ቅዳሜን ለሁለት ከፍለን ማየት እንችል ነበር፤ ነገር ግን የጀልባውን ጠዋት ወይም የሣሩን ከሰዓት መሠዋት ነበረብን። ወንድማማቾቹ ለዚያ ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ደቡብ መምጣት ይሻላል ይላሉ። መሐንዲሱ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ እናንተ ውረዱ፣ ሰኞን ከሥራ አስፈቅዳችሁ የባቲን ገበያ እንይ ብሎ እየተከራከረ ነው፤ እኔም ድምፄን ለእርሱ ሰጥቻለሁ።