ለሦስት ወር የማይኬን አናት ሳናግር ከርሜ

የመጀመሪያዎቹ ሰባት የፖድካስት ክፍሎቼ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የቀረጽኳቸው ነው የሚመስሉት። ማይኩ የተበላሸ መስሎኝ፣ ልመልሰው ካርቶኑን ሁሉ ፈልጌ አውጥቼ ነበር። ማይኩ ግን ጤነኛ ነበር።

መድረክ ላይ ዘፋኞች የሚይዙት ማይክ የሚሰማው በጫፉ ነው። ያንን እያየን ስላደግን እጃችን በራሱ ጊዜ ጫፉን ወደ አፍ ያዞራል። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ብዙዎቹ የዩኤስቢ ማይኮች፣ ለምሳሌ ብሉ የቲ፣ የሚሰሙት ግን በጎናቸው ነው። የአምራቹ ምልክት ያለበት ገጽ ወደ እናንተ ዞሮ መቆም አለበት። እኔ ደግሞ በተጣጣፊ ክንድ ላይ አስሬ፣ አጋድሜ፣ ማዞሪያው እንዲታየኝ ብዬ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ አናቱን ወደ አፌ ደገንኩት። የተቀመጠውም ካርዲዮይድ ላይ ነበር፤ ማለትም ከፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ከጀርባው ያለውን አብዛኛውን ይተወዋል። እናም ሦስት ወር ሙሉ ጣሪያዬን በከፍተኛ ጥራት ስቀርጽ ከረምኩ።

ድምፄ ሲያንስብኝ ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን ማዞሪያ እጨምራለሁ፣ በጆሮዬ ይጎላል፣ ደስ ይለኛል፣ የተቀረጸውን ስከፍት ያው ነው። ለካ ያ ማዞሪያ የሄድፎኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚቆጣጠረው! ጌይኑ፣ ማለትም ማይኩ የሚሰማው ምን ያህል ጎልቶ እንዲቀረጽ የሚወስነው ማዞሪያ፣ ከጀርባ ተደብቆ ነበር። ሳገኘው እስከ ጥግ ወሰድኩት። ጌይን ግን የእናንተን ድምፅ ለይቶ አያጎላም፤ ማይኩ የሰማውን ሁሉ ነው። የኮምፒውተሬ ማራገቢያ፣ የወንበሬ ሲጥሲጥታ፣ ጎረቤት የሚዘጋው በር፣ ሁሉም እንግዳ ሆነው ፕሮግራሜ ላይ ቀረቡ።

መፍትሔው ፊቱን ማዞርና ቀረብ ማለት ነበር። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ድምፃችሁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፣ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል፤ ከዚያ ጌይኑን መልሳችሁ ዝቅ ታደርጋላችሁ። እኔ ከስንዝር ትንሽ ባነሰ ርቀት ነው የምቀመጠው። ጮክ ብዬ ሳወራ በመቅረጫ ፕሮግራሙ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ዜሮን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ እንደነበረ አይመለስም። ስትሞክሩት «አንድ፣ ሁለት» አትበሉ። ሳቁ። የእኔን ቅጂዎች ያበላሸው ሁሌም ሳቅ ነው።

ከመጠን በላይ ስትጠጉ ደግሞ ድምፁ ይወፍራል፣ «ፕ» ላይም ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል። አማርኛ ውስጥ «ፕ» ብዙ የለም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ እኔ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ የምለው «እንኳን ወደ ፖድካስቴ በደህና መጣችሁ» ነው። ማይኩን ከአፌ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ ፊቱን ግን ወደ አፌ አዙሬ ሳስቀምጠው ተገላገልኩ።

ሚዩት፣ ማለትም ድምፅ ማጥፊያው ቁልፍ ግን አሁንም ያናድደኛል። ስጫነው ቋ ይላል፣ ያ ድምፅ በማይኩ አካል አልፎ ይቀረጻል። መብራቱ ደግሞ ሚዩት ሲሆን ቀይ ነው። ለእኔ ቀይ መብራት ማለት «እየተቀረጸ ነው» ማለት ነው። አንድ ቀን ላይቭ ገብቼ ቀዩን እያየሁ 11 ደቂቃ ሙሉ በልበ ሙሉነት አወራሁ፤ ተመልካቹ «ድምፅ የለም» እያለ ይጽፋል፣ እኔ በጨዋታዬ ተመስጬ የት ላነብ። የሃይፐርኤክስ ኳድካስት አሠራር የበለጠ ይገባኛል፦ አናቱን ነካ ስታደርጉት ሚዩት ይሆናል፣ መብራቱም ይጠፋል። ጨለመ፣ አይሰማም፣ አለቀ። ሌላ ማይክ ስገዛ ከቀለሙም ከቅርጹም በፊት የማየው ይህንን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጌይኑ ሳልነሳ እጄ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን።

እስከዚያው ትንሽ ፕላስተር ቆርጬ ጌይኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ ለጥፌአለሁ፣ በቀዩ መብራት ሥር ደግሞ በእስክሪብቶ «አትሰማም!» ብዬ ጽፌበታለሁ።