እናቴ የጠየቀችኝ ቅባት

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች መድኃኒት ላኪዎች ነን። የደም ግፊት ኪኒን፣ የዓይን ጠብታ፣ ለጉልበት የሚቀባው ሁሉ ከእንግሊዝ ጅማ በሰው እጅ ይደርሳል። አንድ ቅባት ግን አልላክሁም፤ እናቴም ክፉኛ አዘነችብኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ጀምሮ አልቢኒዝም አለበት። ቆዳውን ከፀሐይ የሚጠብቀው ሜላኒን የለውም ማለት ይቻላል። ሄርማታ ገበያ ሸራ ወጥሮ ሲነግድ ኖሮ አፍንጫው ላይ የማይድን ቁስል ወጣበት፤ ይደርቃል፣ ይደማል፣ ተመልሶ ይደርቃል። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ሆኖ ተገኘ። ይህ የቆዳ ካንሰር ወደ ሌላ አካል የሚሰራጨው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ችላ ከተባለ ግን ያለበትን ሥጋ እየበላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይውጣ አለ።

ቤቱ ታመሰ። «ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል» የሚለው ወሬ ስንቱን ሰው ከሕክምና አስቀርቷል! እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ እዚያ በቅባት ያድናሉ አሉ። ለወንድምሽ ትነፍጊዋለሽ?» አለችኝ። ከእናት አፍ እንዲህ ያለ ቃል በስልክ መስማት ያማል።

የሰማችው እውነት ነው። ኢሚኩዊሞድ የሚባለው ቅባት የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን ያዋጋል። በብሪታንያ 501 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ከቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሮት፣ በ5 ዓመት ውስጥ ቅባቱ 82.5 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምናው 97.7 በመቶ ተሳክቶላቸዋል። ቢላ ለማያስነካ ቅባት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁስሉ ጀርባው ላይ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ «ሐኪሙን ስለ ቅባቱ ጠይቀው» እለው ነበር። ነገር ግን ጥናቱ አፍንጫ፣ ጆሮና የዓይን ቆብ ላይ የወጣውን ጨርሶ አላካተተም። እዚያ ሥሩ ቀርቶ ቢያገረሽ የሚያጠፋው ብዙ ነውና።

ወንድሜ ይህን ሁሉ አዳምጦ «እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚስ?» አለኝ። «ዛሬውኑ እቆረጥ ነበር» አልሁት።

ቦታውን ብቻ አደንዝዘው አወጡለት፤ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ። የላቦራቶሪው ውጤትም የተቆረጠው ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው አለ። አሁን ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል፣ እጅጌው ረጅም ነው፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን እኔ እልክለታለሁ። እናቴ ግን ያንን ቅባት አሁንም ታነሳብኛለች። እኔም በደወልሁ ቁጥር የምጠይቃት የሐኪሙን ቀጠሮ እንዳያሳልፍ ነው።