ሰርጉ አንድ ቀን፣ ፎቶው አምስት ወር

ለስድስት ዓመት ፎቶ ማንሳት የእረፍት ቀን ሥራዬ ነበር። ወፍ፣ ጎዳና፣ የጎረቤት ልጅ፣ ያየሁትን ሁሉ አነሳለሁ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ሲያገባ እንደ እንግዳ ሄድኩ፤ ካሜራዬም እንደ ልማዱ አንገቴ ላይ ነበር። ያነሳኋቸው ሃያ ምናምን ፎቶዎች ከተከፈለው ባለሙያ ሥራ በላይ ተወደዱ። «አንተ እኮ እንጀራህ ልታደርገው ትችላለህ!» ተባልኩ። አመንኩ።

አሁን ሳስበው ንጽጽሩ ያንን ባለሙያ በጣም ይበድለዋል። እኔ ያነሳሁት ደስ ያለኝን ብቻ ነው። እሱ ግን ከሙሽሮቹ እስከ መጨረሻው ዘመድ ማንንም ሳይዘል መልቀም ነበረበት።

ዕቃውን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ካሜራ ይኑራችሁ፤ አንዱ የኪራይ ቢሆንም ችግር የለውም። ካሜራው ሁለት ሚሞሪ ካርድ የሚያስገባና ያንኑ ፎቶ በሁለቱም ላይ የሚጽፍ ይሁን። ባለ 24-70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አብዛኛውን ቀን ይሸፍናል (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፤ ለጨለማ ክፍል ባለ 50 ወይም 85 ኤፍ 1.8 ጨምሩ። ፍላሽ ሁለት፣ ባትሪ ከሚበቃው እጥፍ። የንግድ ፈቃድና ግብሩ በየአገሩ ይለያያል፤ የሥራውን ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው ቀን ከኪሳችሁ ለዩት።

«መጀመሪያ በነፃ አንሳና ስም አውጣ» የሚለውን ምክር አልወደውም። በነፃ ያነሳችሁለት ሰው ለሌላው ሲያወራ የሚያስታውሰው ፎቶውን ሳይሆን በነፃ መሆኑን ነው። ይልቅ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ ረዳት ሁኑ። እኔ ሰባት ሰርግ ላይ ቦርሳ ተሸክሜ፣ ፍላሽ ይዤ፣ ከጥግ እያነሳሁ ተምሬያለሁ። «ማኑዋል ካልሆነ፣ ማለትም ሁሉንም በእጁ ካላስተካከለ፣ ባለሙያ አይባልም» የሚሉትንም ተዉአቸው። ሙሽሪት ከጨለማ ኮሪደር ወደ ፀሐይ ስትወጣ የካሜራውን ማዞሪያ የማሽከርከር ጊዜ የለም። የሌንሱን ክፍተት ራሴ እመርጣለሁ፤ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ በታች እንዳይወርድ አስሬ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ለካሜራው እተውለታለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

በራሴ ስም የያዝኩት ሦስተኛው ሰርግ ነበር። ቀኑ እንደ ቅቤ ለስልሶ አለፈ። ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ሳለ ሙሽሪት መጣችና «መቼ ይደርስልናል?» አለችኝ። «በሁለት ሳምንት!» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ፊቷ ሲበራ ማየት ስለፈለግኩ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ካርዶቹን ስገለብጥ 4,300 ፎቶ ቆጠርኩ። ካሜራው በሰከንድ 10 ያነሳል፤ ጣቴ ደግሞ ማንሳት እንጂ ማቆም አያውቅም። ሁሉም ጥሬ ፋይል (ካሜራው ገና ወደ ተራ ፎቶ ያልቀየረው) ስለሆነ ከ100 ጊጋባይት በላይ ወጣው። ኮምፒውተሬ ገና ሲከፍተው ተነፈሰ።

መጀመሪያ ሁሉንም በሰዓት ቅደም ተከተል ደረደርኩ። ጭፈራው ከሥነ ሥርዓቱ በፊት መጣ። ሙሽሪት ለብሳ ሳትጨርስ ከቤት ወጥታ ታየች። ለካ ሁለተኛው፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ካሜራ ሰዓቱ በ1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይቀድማል። ምን አደረግኩ? ከእሱ የመጡትን 1,600 ፎቶዎች አንድ በአንድ በእጄ እየጎተትኩ ቦታቸው መለስኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይትሩም የተነሱበትን ሰዓት በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል እንደሚችል አየሁ። ሳቅኩ። ከዚያ ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁና በክፍሉ ውስጥ ስመላለስ አመሸሁ።

ቀጥሎ ብርሃኑ። አዳራሹ በአንድ በኩል ትልልቅ መስኮት ነበረው፤ ከላይ ደግሞ ቢጫ አምፖል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የቀን ብርሃን ወደ 5,500 ኬልቪን ነው፣ ቢጫው አምፖል ወደ 3,200። ካሜራው ሁለቱን ለማስታረቅ ሲሞክር የሰው ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ወጣ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። የማይድነውን ጥቁርና ነጭ ማድረግ እንደሚቻል ያኔ አልመጣልኝም።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። ሳልመርጥ ማስተካከል ጀመርኩ። ከፎቶ ቁጥር አንድ። አንድ ሙሉ ምሽት ያሳለፍኩት የሙሽሪት ጫማ ላይ ነው። ጫማ! ጥላውን አነሳሁ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ወለሉን አጸዳሁ፣ መልሼ አቧራውን ወደድኩት። በዚህ መሃል ሁለት ሌላ ሰርግ ያዝኩ። ቀብድ ሲመጣ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሙሽሪት በትህትና ጻፈችልኝ። «እየጨረስኩ ነው» አልኳት። አሥር ከመቶ እንኳ አልነካሁም። በሁለተኛው ወር ባልየው ደወለ፤ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ነበር አልኩት። በሦስተኛው ወር ስልክ ማንሳት አቆምኩ። ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ድምፁን ይጨምርለታል። ከተኛሁ በኋላ እንኳ የሚደወል ይመስለኝ ነበር። የሚገርመው፣ ባፈርኩ ቁጥር ፋይሉን የመክፈት አቅም አጣሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል አልከፈትኩትም።

ከዚያ በማላውቀው ቁጥር ተደወለና አነሳሁ። የሙሽሪት እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ፎቶው ጠፍቶ ከሆነ ንገረን» አሉኝ። «እኛም አልቅሰን ይውጣልን።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልጠፋም እማማ፣ ሁሉም አለ አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩና ስልኩን እንደዘጋሁ ፋይሉን ከፈትኩ። 60 ፎቶ መረጥኩ፣ ብርሃናቸውን ብቻ አስተካከልኩ፣ ሳይነጋ ላክሁ። አራት ሰዓት ነው የፈጀው። ሦስት ወር ሰው ያስጨነቅኩበት ነገር አራት ሰዓት! ጠዋት ሙሽሪት መለሰችልኝ፦ «ይሄን ያኔ በሁለተኛው ሳምንት ብትልክልን ኖሮ፣ ሌላውን ዓመትም ቢሆን እንጠብቅህ ነበር።»

ቀሪው በአምስተኛው ወር ተጠናቀቀ፤ በጠቅላላው 620 ፎቶ። አመሰገኑኝ። ነገር ግን አንድም ሌላ ደንበኛ ወደ እኔ አልላኩም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልልክም። ስለ ጫማው ፎቶ እስካሁን ማንም ምንም አላለኝም።

የሚያናድደኝ፣ ያየኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ስለ ሌንስና ስለ ፍላሽ ነበሩ። ስለ መምረጥ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ረዳት ሆኜ የሠራሁባቸው ሰባት ሰርጎች ላይ ዕቃ ሲሰበሰብ ተሰናብቼ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው፤ ሥራው ያለቀ መስሎኝ። ረዳት ከሆናችሁ በማግስቱም ሂዱና ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩ።

አሁን በሰርግ ጠዋት መጀመሪያ የማነሳው ሙሽራ አይደለም፤ የካሜራዎቹን የሰዓት ልዩነት በኋላ እንዳውቅ በሁለቱም የስልኬን ሰዓት አነሳለሁ። ማታ ሳልተኛ በሁለት ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፤ አንዱ ከቤቴ ውጭ ያድራል። «ገልብጠህ ካርዱን ፎርማት አድርግ (ባዶ አድርገው)» የሚባለውን አልሰማም። ሥራው ለባለቤቱ እስኪደርስ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ይህ ብዙ ካርድ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ።

ስመርጥ መጥፎውን እየፈለግኩ አላስወግድም፤ ጥሩውን ብቻ ነው የምለቅመው። የመጀመሪያው ዙር ላይ አንድም ቀለም አልነካም። በ48 ሰዓት ውስጥ 40 ፎቶ ይላካል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። «ብዙ ስጥ፣ ደንበኛ ብዙ ይወዳል» የሚሉኝ አሉ። ከአንድ ቅጽበት ስድስት ተመሳሳይ ፎቶ የሚሰጥ ሰው ግን መምረጡን ለደንበኛው ጭኖበት መሄዱ ነው። ጥሬ ፋይል ለሚጠይቁኝም አልሰጥም፤ ውሉ ላይ ተጽፏል።

ደመወዝ ያለውን ሥራዬን የለቀቅኩት ከ22ኛው ሰርግ በኋላ ነው። ቀድሜ ብለቅ ኖሮ ያ ሦስት ወር ይደገም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ቀብድ የሚቀበለው ሆዴ ይሆን ነበርና።

አሁን «መቼ ይደርስልናል?» ሲሉኝ «በስምንት ሳምንት» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው እጨርሳለሁ፤ ይህንን ግን አልነግራቸውም። ፊታቸው ጭፍግግ ይላል። ዝም ብዬ ውሉንና እስክሪብቶውን አቀብላቸዋለሁ።