ኤሌክትሮኒክ ስብስባችንን እንዴት ቆጠርኩት፣ ከቆጠራውስ ምን ተማርኩ

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን የዓመቱን ስታቲስቲክስ የማዘጋጀት ኃላፊነት ሲሰጠኝ የታተሙት መጻሕፍት ብዙም አላስቸገሩኝም። መዝገብ አላቸው፣ መለያ ቁጥር አላቸው፣ ሲጠፉም ይታወቃል። ያስቸገረኝ ኤሌክትሮኒኩ ክፍል ነው። የሪፖርቱ ቅጽ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ምን ያህል ኤሌክትሮኒክ ስብስብ አላችሁ? ምን ያህሉስ ጥቅም ላይ ዋለ? አቅራቢ ድርጅቶቹ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሪፖርት ነው የላኩልን። አንዱ ውሰት ይቆጥራል፣ አንዱ ፍለጋ፣ ሌላው የገጽ ዕይታ፣ የቋንቋ መማሪያው ደግሞ ሰዓት። ይህን ሁሉ ደምሮ አንድ ትልቅ ቁጥር ማውጣት ቀላል ነው፤ የሚወጣው ድምር ግን ስለ አንድም አንባቢ የሚነግረን ነገር የለም። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ይመደባል፤ አንዱ ውል ይታደሳል፣ ሌላው ይቋረጣል። ስለዚህ ከመደመሬ በፊት ምን እንደምቆጥር ለመወሰን ተቀመጥኩ።

የጀመርኩት ያለንን ከመቁጠር ነው። መነሻ ያደረግሁት አይኤስኦ 2789 የተባለውን ዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ስታቲስቲክስ መመዘኛ ነው። ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን፣ ዳታቤዞችንና በየጊዜው የሚወጡ ኅትመቶችን በየፈርጃቸው ለይቶ ያስቆጥራል። ጥቅሙ ወዲያው ታየኝ። በውስጡ ብዙ መጽሔቶችን የያዘ ዳታቤዝ እንደ ዳታቤዝ አንድ ነው፤ መጽሔቶቹን አውጥተን በመጻሕፍቱ ላይ ከደመርን ግን አንድ ውል በፈረምን ቁጥር ስብስባችን በእጥፍ ያደገ ይመስላል።

ነፃዎቹንም ለብቻቸው አስቀመጥኳቸው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል። የእነዚህን መረጃ ወደ ካታሎጉ ያስገባ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሌሊት ትልልቆቹን ሊበልጥ ይችላል። አንባቢው በካታሎጋችን በኩል እንዲያገኛቸው ማድረግ ጥሩ አገልግሎት ነውና አደረግነው። በሕዝብ ገንዘብ ፈቃድ ከገዛንላቸው ጋር መደመር ግን የበጀቱን ሥራ የማይገልጽ ቁጥር ይሰጣል።

ከዚያ የመጣው የርዕስና የፈቃድ ጉዳይ ነው። ብዙው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት የሚቀርበው «አንድ ቅጂ ለአንድ ተጠቃሚ» በሚባለው ስምምነት ነው፤ ፋይሉ ሺህ ጊዜ ሊባዛ ቢችልም በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈቃዱ ራሱም ያልቃል። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ዳግም እንዲገዛው የሚጠይቅ ውል ሥራ ላይ አዋለ፤ በሁለት ዓመት የሚገደቡ ፈቃዶችም አሉ። ስለዚህ «ይህን ያህል መጽሐፍ አለን» ማለት ያለ ቀን ትርጉም የለውም። በሰንጠረዤ ላይ የርዕሱን ቁጥር፣ የፈቃዱን ቁጥር፣ የተጨመረውን፣ ጊዜው ያለፈበትንና የቆጠራውን ዕለት በየዓምዱ አስገባሁ። ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጋር በጋራ የምንጠቀምበትን ስብስብም ለየሁት፤ የእኛ አንባቢ ይደርስበታል፣ ነገር ግን በእኛ ገንዘብ ብቻ የተገዛ አይደለም፤ የኅብረቱ አባላት በሙሉ የየራሳቸው አድርገው ቢያቀርቡት ደግሞ ያው መጽሐፍ በጠቅላላ ድምሩ ላይ ብዙ ጊዜ ይገባል።

ጥቅም ላይ መዋሉን መለካት ግን ሌላ ዓለም ነው።

ካውንተር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው አቅራቢዎች አጠቃቀምን በአንድ ዓይነት ደንብ እንዲቆጥሩ ለማድረግ ነው። አምስተኛው የመመሪያው እትም ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የቆጠራ ሥራዬን መልክ ያስያዘልኝ በዚህ እትም ውስጥ ያለው የኢንቨስቲጌሽንና የሪኩዌስት ልዩነት ነው። አንባቢው አኅጽሮቱን ቢያይ፣ የመጽሐፉን መግለጫ ቢከፍት ወይም ሙሉ ጽሑፉን ቢያነብ ሁሉም ኢንቨስቲጌሽን ነው። ሪኩዌስት የሚባለው ግን ሙሉው ይዘት ራሱ ሲቀርብለት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ያምራል፤ ሁለተኛው ግን ጽሑፉ በእርግጥ አንባቢው ዘንድ መድረሱን ይነግረኛል። እኔ ለሪፖርት የምጠቀመው ሁለተኛውን ነው። አንድ ሰው ያንኑ ይዘት በ30 ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ቢጫን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር የሚያደርግ ደንብም አለው፤ ኢንተርኔቱ ዘግይቶበት ቁልፉን የሚደበድብ አንባቢ እንደ ብዙ አንባቢ እንዳይታይ።

መጻሕፍት ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዱ አቅራቢ መጽሐፉን እንዳለ በአንድ ፋይል ይሰጣል፣ ሌላው በምዕራፍ በምዕራፍ ይከፍተዋል። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ባለ 12 ምዕራፍ መጽሐፍ ሙሉውን ያነበበ ሰው በአንዱ ዘንድ አንድ፣ በሌላው ዘንድ 12 ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። በቀደሙት የካውንተር ሪፖርቶች የመጽሐፍና የምዕራፍ ቁጥሮች በተለያዩ ቅጾች ይመጡ ስለነበር ሁለቱን አቅራቢዎች ማወዳደር አይቻልም ነበር። አምስተኛው እትም «ዩኒክ ታይትል ሪኩዌስትስ» የሚል መለኪያ አመጣ፤ ተጠቃሚው በአንድ ቆይታው ስንት ምዕራፍ ቢከፍት መጽሐፉ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። መጻሕፍትን ሳወዳድር ከዚህ ሌላ መለኪያ አልጠቀምም።

የፍለጋ ቁጥር በጣም አሳሳች ሆኖ ነው ያገኘሁት። በአንድ መድረክ፣ ማለትም በአንድ የአቅራቢ ድረ ገጽ ላይ አሥር ዳታቤዝ ካለንና ፍለጋው ሳይመረጥ በሁሉም ላይ እንዲሮጥ ከተደረገ፣ አንድ ተማሪ አንድ ጊዜ የጻፈው ጥያቄ በዳታቤዝ ደረጃ አሥር ፍለጋ ሆኖ ይመዘገባል። ማንም ያልመረጠው ዳታቤዝ በዓመቱ መጨረሻ እጅግ ተፈላጊ መስሎ ይታያል። ካውንተር ሰው መርጦ ያደረገውን ፍለጋ ሲስተሙ በራሱ ካሰፋው ይለያል፤ በመድረክ ደረጃ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ አንድ ብቻ ብሎ ይቆጥረዋል። ሪፖርት የሚያነብ ባለሙያ ሁሉ የትኛው እንደተሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል። ዳታቤዝ ለማደስ ወይም ለማቋረጥ ስንወያይ ፍለጋን ከነጭራሹ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግሉ አቅራቢዎች ሁሉ ካውንተርን አይከተሉም። መጽሐፍና የድምፅ መጽሐፍ የሚያውሱት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የውሰት ሪፖርት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥናት የሚጠቀምበትን ክፍፍል እዚህ ላይ ተውሼዋለሁ፦ የመመለሻ ቀን ያለው ውሰት በአንድ ወገን፣ የመመለሻ ቀን የሌለው ነገር ግን መግቢያ የሚጠይቅ ይዘት የተከፈተበት ብዛት በሌላ ወገን። ሰዓት የሚቆጥሩት ደግሞ በሰዓታቸው ይቀመጣሉ። ሦስቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፣ አይደመሩም። ኃላፊዎች አንድ ቁጥር ይወዳሉ፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት እውነተኛ ቁጥር ይዤ መግባትን መርጫለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ያልተሳካው አጠቃቀም ነው። የውሰት ቁጥር የሰዉን ፍላጎት ብቻውን አይለካም፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ የሚለካው የገዛነውን ፈቃድ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የውሰት ጊዜው 14 ቀን ከሆነ አንድ ፈቃድ አንድም ቀን ሳያርፍ ቢሠራ፣ ሁሉም ሙሉ ጊዜውን ቢጠቀም፣ በዓመት ከ26 ውሰት አያልፍም። እንግዲህ ሁለት መጻሕፍት እናስብ፤ ሁለቱም 26 ጊዜ ተውሰዋል። አንደኛው ወረፋ የለውም፣ በሁለተኛው ላይ ግን 40 ሰው ተሰልፏል። በውሰት ሪፖርቱ ላይ እኩል ናቸው። ነገር ግን በሁለተኛው ወረፋ መጨረሻ ያለው አንባቢ እስከ 560 ቀን፣ ማለትም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሊጠብቅ ነው። ያ ሰው በየትኛውም የአጠቃቀም ቁጥር ውስጥ የለም፤ ለእርሱ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የአጠቃቀም ቁጥር ጎን ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን አስቀምጣለሁ። ለውሰት የወረፋውን ርዝመትና አማካይ የጥበቃ ቀን እወስዳለሁ። ካውንተርን ለሚከተሉት ደግሞ ሁለት ዓይነት ተመላሾች አሉ፦ ፈቃድ ስለሌለን የተከለከሉ፣ እና ፈቃድ እያለን በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው የተጠቃሚ ቁጥር ስለሞላ የተመለሱ። የመጀመሪያው ምን መግዛት እንዳለብን ይጠቁማል፤ ሁለተኛው የያዝነውን ውል ማስፋት እንዳለብን። ይህን ዓምድ ከጨመርን ወዲህ የግዢ ስብሰባችን አነጋገሩ ተለውጧል፤ «ምን ተነበበ?» ከሚለው ጎን «ማን ሳያገኝ ሄደ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል።

በአንድ አጠቃቀም የሚወጣውን ወጪ እናሰላለን። ዋጋውን ለተከፈተው ብዛት ማካፈል ስለሆነ ስሌቱ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ንባቡ ነው። ለልብ ወለድ ውሰትና ለሕግ መረጃ ዳታቤዝ አንድ ዓይነት ልክ ማውጣት ትክክል አይደለም። የሕግ መረጃውን ጥቂት ሰዎች ይከፍቱታል፣ ግን ሌላ ቦታ በራሳቸው ከፍለው ሊያገኙት የማይችሉ ናቸው። ስለዚህ የማወዳድረው ተመሳሳይ ዓይነቶችን እርስ በርስ፣ ያንኑ አገልግሎት ደግሞ ካለፈው ዓመቱ ጋር ነው። በየውሰቱ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ሌላ ጠባይ አላቸው፦ በጀቱ እንዳያልፍ ወርሃዊ ጣሪያ ይደረግባቸዋል፣ ጣሪያው ሲሞላ ውሰቱ ይቆማል። በወር ድምር ብቻ ካየነው ፍላጎቱ የረጋ ይመስላል። የቀኑን ዝርዝር ስንከፍት ግን የወሩ መጨረሻ ባዶ ነው።

የተጠቃሚ ብዛትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዲት አንባቢ ልብ ወለድ ትዋሳለች፣ መጽሔት ትከፍታለች፣ ቋንቋም ትማራለች፤ በሦስት አቅራቢዎች ሪፖርት ሦስት ሰው ናት። ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት የሚቻለው ሁሉም በአንድ የመግቢያ በር ሲያልፉ ነው። ያ በር ግን ማን ምን እንዳነበበ የማወቅ አቅም ይሰጠናል፤ እዚህ ላይ ቆምኩ። የዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ኢፍላ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ግላዊነት ባወጣው መግለጫ የአንባቢዎችን ግላዊነት ማክበርና መጠበቅ የሙያው ግዴታ መሆኑን ያሳስባል። እኛም የካርድ ቁጥሩን ከተከፈተው ርዕስ ጋር አናገናኝም፤ ልዩ ተጠቃሚዎች ከተቆጠሩ በኋላ ዝርዝሩ ይሰረዛል። በዕድሜ ክልል ወይም በቅርንጫፍ ስንከፋፍል ጥቂት ሰው ብቻ የቀረበት ቡድን ካለ ከሌላው ጋር እንቀላቅለዋለን። በሽታውን በጸጥታ የሚያጠና ሰው በእኛ ሰንጠረዥ ምክንያት መታወቅ የለበትም።

ከሰንጠረዡ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ገጽ አለ። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው መለኪያ እንደተቆጠረ፣ በምን ቀን እንደተወሰደ፣ ከአምናው ጋር ይወዳደር ወይም አይወዳደር እንደሆነ ይገልጻል። አቅራቢው የአቆጣጠር ደንቡን ሲለውጥ በግራፉ ላይ መስመሩን እቆርጠዋለሁ፤ አሮጌውንና አዲሱን አላገናኝም። ይህን ሥራ ነገ የሚረከበኝ ሰው እኔን ፈልጎ ሳይጠይቅ እንዲቀጥል ነው የምጽፈው።

አሁን ውል ከመፈረሙ በፊት አቅራቢውን የምጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ካውንተርን ይከተላል ወይ? ካልተከተለስ አንድ «አጠቃቀም» ብሎ የሚቆጥረው ምኑን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጠናል ወይ? ሪፖርቱን ሱሺ በተባለው የመለዋወጫ ሥርዓት በቀጥታ መቀበል እንችላለን፣ ወይስ በየወሩ እየገባን በእጅ ማውረድ አለብን? ተመላሾችንና ወረፋውን ያሳየናል ወይ? ውሉ ሲያበቃስ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች በእጃችን ይቀራሉ? የመጨረሻውን ብዙዎች አይጠይቁትም፤ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ግን የአስተዳዳሪ መግቢያው ይዘጋል፣ ቁጥሮቹም አብረው ይሄዳሉ። እኔ በውሉ ላይ እንዲሰፍር አደርጋለሁ፣ እስከዚያውም ወሩ በተጠናቀቀ ቁጥር ቅጂውን አውርጄ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣለሁ።