ጋሼን ትግላችን ሐውልት የወሰድኩት ቀን

የካቲት 27፣ ማታ።

ትናንት የካራማራ ድል፣ በ1970 ዓ.ም. ወራሪው የሶማሊያ ጦር ጅጅጋ አጠገብ የተሸነፈበት፣ የሚታሰብበት ቀን ነበር። አጎቴን ይዤ ትግላችን ሐውልት ሄድኩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አዲስ አበባ መኖር ከጀመረ 30 ዓመት አልፎታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስንት ጊዜ ተመላልሷል፤ ሐውልቱ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ግቢውን ግን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም። ለምን ስለው፣ «ማን ግባ አለኝ?» አለ።

ይህችን መልስ ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ጋሼ ግራ እግሩን ያነክሳል። ልጅ ሆኜ እናቴን ስጠይቃት «ከበቅሎ ወድቆ ነው» ትለኝ ነበር። ለጎረቤትም የሚነገረው ይኸው ነበር። እኔም ስንት ዓመት አመንኩ። እውነቱን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በቅሎ የሚባል ነገር የለም። እግሩን የመታው የመድፍ ፍንጣሪ ነው፤ 1970 ዓ.ም.፣ ከካራማራ ተራራ ሥር። እናቴ ስትነግረኝ እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ለምን እንደተደበቀ አሁን ይገባኛል። ግንቦት 1983 መንግሥት ተለወጠ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሠራዊት ተበተነ። ጋሼ የተበተኑት ወታደሮች ይሰበሰቡበት የነበረው ተሐድሶ ካምፕ ገብቶ ሲወጣ እጁ ላይ የነበረው አንድ ብርድ ልብስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ብቻ ነው። ያኔ «ወታደር ነበርኩ» ማለት ሥራ ያሳጣል። «የደርግ ርዝራዥ» ያሰኛል። ስለዚህ ዝም አለ። አንድ ሱቅ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ አሮጌ ካፖርቱን ደርቦ ስንት ክረምት አደረ። ከፊቱ የሚያልፈው ሰው ለማን ደህና እደር እንደሚል አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ስለ ጡረታ ጠይቆ ነበር። ማስረጃ አምጣ አሉት። ማስረጃው እግሩ ውስጥ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚቀበለው መዝገብ ቤት የለም። ሁለተኛ አልሄደም።

ትናንት ረፋዱ ላይ ደረስን። ከሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ተቀምጧል። ሰዎች ባንዲራ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ጋሼ ወደ እነሱ አልሄደም። ከጎን ወዳለው ግድግዳ፣ ከእኛ ጎን ተሰልፈው የወደቁት ኩባውያን ፎቶ ወደተደረደረበት ሄደ። ቆቡን አወለቀ። አንድ በአንድ እያየ በዝግታ ተራመደ። አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመና «እነዚህ እኮ ቋንቋችንን እንኳ አያውቁም ነበር» አለ። «በእጅ ነበር የምንግባባው። ሲጋራ ሲሰጡን እኛ ቆሎ እንሰጣቸዋለን።»

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጠየቅኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቴን ስለ ጦርነቱ ጠየቅኩት ብል ማጋነን አይደለም። እሱም ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ጀመረ።

በ1969 ዓ.ም. ከሰሜን ሸዋ ነው የተነሳው። የእናት አገር ጥሪ ታወጀ፤ በየቀበሌው ገበሬ ማኅበር ስም ተጻፈ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ። ሞፈር የጨበጠ እጅ በጥቂት ወር ውስጥ ክላሽ መፍታትና መግጠም ተማረ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ ጦር ገባ። መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅጅጋ ተያዘች። «መንግሥትን አላውቀውም ነበር» አለኝ። «ሶማሊያ ወረረችን አሉን፤ ሄድን። በቃ።»

እኔ ስለ ታንክና ስለ ምሽግ ይነግረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ የነገረኝ ስለ ውሃ ነው። ውሃ በኮዳ ክዳን እየተለካ ይታደል ነበር። አንድ ክዳን፣ ለአንድ ሰው፣ ለግማሽ ቀን። ኮቾሮ፣ ደረቁ የወታደር ብስኩት፣ ያለ ውሃ አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ነው፤ አይዋጥም። ከጎኑ አንድ የአገሩ ልጅ ነበር፤ አብረው ነው ታጠቅ የገቡት። ጋሼ ያን ጊዜ ወባ ይዞት ይንቀጠቀጣል። ልጁ የራሱን ክዳን ውሃ ሰጠው። «እኔ ጠጥቻለሁ» አለው። አልጠጣም ነበር። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ልጁ ወደቀ።

ጋሼ ይህን ሲነግረኝ አላለቀሰም። እጁን ብቻ ክዳን እንደያዘ ሰው አድርጎ ቆየ።

የካቲት 26 ጅጅጋ ስትለቀቅ እሱ ሐረር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ድሉን የሰማው በሬዲዮ ነው። በየአልጋው ያለው ቁስለኛ እልል አለ። ስለ ሶማሊያ ወታደሮች ምን እንደሚሰማው ጠየቅኩት። «እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፤ የላካቸው ሌላ ነው» አለ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህንን ሐውልት ያቆመልን የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ነው፤ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ደግሞ የእኛው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የሰሜን ኮሪያን ጦር ሊወጉ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ መርከብ ተሳፍረው ነበር። ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ሰው አላስማረኩም። ሲመለሱ ንጉሡ ተቀበሏቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኮሪያ ሰፈር ተባለላቸው። ደርግ መጣና የፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆነ። እነዚያ ዘማቾች ያኔ በዚህችው ከተማ ይኖሩ ነበር። ይህ ሐውልት ሲቆም እያዩ በቸርቸል ጎዳና አልፈዋል። ምን ይሰማቸው ነበር? ሜዳልያቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ዝም አሉ። ቀጥሎ ዝም የማለት ተራው የጋሼ ሆነ። ለአፍንጮ በሩ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ስንት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የሚልከው መንግሥት ይወድቃል። የተላከው ሰው ግን እግሩን ይዞ ይቀራል። ደርግ ያደረገውን አውቃለሁ፤ በእኛም ቤተሰብ በቀይ ሽብር ልጇን ያጣች አክስት አለች። ያንን ረስቼ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ገበሬ ልጅ የሰጠው ክዳን ውሃ ከዚያ ጋር አብሮ መቀበር አልነበረበትም።

ስማቸው የታወቀላቸውም አሉ፤ ደስ ይለኛል። አብራሪው ጄኔራል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመቶ ሲማረኩ ከ10 ዓመት በላይ ሶማሊያ ታስረው ኖረዋል። እስከ 1980 ዓ.ም.። ስለ እሳቸው ሲነገር ጋሼም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ቅናት የሚባል ነገር የለበትም።

ስንመለስ ታክሲ ተራ ላይ ሁለት ክራንች የያዘ ወጣት አየን። ከ25 ዓመት አይበልጥም። የቅርቡ ጦርነት ነው፤ ከአቋቋሙ ጋሼ ወዲያው አወቀው። ከየትኛው ወገን እንደተዋጋ አላውቅም፤ ጋሼም አልጠየቀውም። «ወንድሜ፣ ቁስሉ ደረቀልህ?» አለው። ልጁ ደንገጥ አለ። ከዚያ ስለ ብረት፣ ስለ ክረምት ሕመም፣ ስለ ማደንዘዣ ተጨዋወቱ። ሦስት ታክሲ አለፈን። እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። ልጁ ሲስቅ ጥርሱ ያምር ነበር።

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። እሱ ስልክ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ደነገጥኩ።

«አንቺ፣ ተኛሽ እንዴ?»

«አልተኛሁም ጋሼ፣ ምነው? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። የዛሬው ነገር ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። ያ ልጅ የመንዝ ነው አላልኩሽም? አይደለም። የመራቤቴ ልጅ ነው። የመንዙ ሌላ ነው፤ እሱ በሕይወት ተመልሷል። አምታታሁት።»

«እሺ ጋሼ።»

«ጽፈሽው ከሆነ አስተካክዪው።»

አልጻፍኩትም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ደብተር ፈለግኩ። የልጁን ስም ከነአባቱ ነግሮኛል፤ እሱን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፣ አንድ ቀን ቤተሰቡ ቢገኝ ብዬ። እዚህ ግን ይህን ጻፍኩ፦ የመራቤቴ ልጅ፣ 1970፣ ካራማራ፣ አንድ ክዳን ውሃ።