ለክርስትና ጎጃም ሲኬድ፦ አራስ ልጅ ይዞ ዓባይን መሻገር

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ጉዞውን ከእሱ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ ይገባል። አዲስ አበባ ወልደው ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ካሉ አያቶች ዘንድ ልጃቸውን ክርስትና ለማስነሣት የሚሄዱ ብዙ ወላጆች ግን ዋዜማውን በምሽት ይደርሳሉ። ሕፃኑ ከመንገድ ድካሙ ሳያርፍ፣ እናቲቱም ጡቷ በቅጡ ሳይሞላ፣ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድማችሁ ድረሱ። ልጁ የቤቱን ብርድ ይለምዳል፣ ዘመድ እየመጣ ያያል፣ ካህኑንም ረጋ ብሎ ለማነጋገር ጊዜ ይገኛል።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአጥቢያውን ካህን አነጋግሩ። ልጁ የተወለደበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ንገሯቸው፤ በተለይ በምሽት ከተወለደ 40ው ወይም 80ው የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል እሳቸው ይቁጠሩላችሁ። የሆስፒታሉ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እኛው ቀን መልሱት። ቀኑ ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ ጥምቀት ስለማይፈጸም ከትንሣኤ በኋላ ሌላ ቀን ይያዝላችኋል። በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ ከዋለ ደግሞ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ቅዳሴው ጠዋት ሳይሆን ከቀትር ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት የሚዘልቅ ነው። ልጁ ስለሚቆርብ ይህ ከጡት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማይጠባ፣ እንደ ዕድሜውም ምን እንደሚፈቀድለት ከንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ተረዱ። የ40 ቀን ልጅ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ የሚጠባ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይጠባ ሲቆይ ይዝላል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። በበኩላችን ቀኑን የመምረጥ ዕድል ካለ የጠዋቱን ቅዳሴ እንመርጣለን። ድግሱም እንደዚሁ ነው፦ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ጾም ከሆነ ዶሮው ቀርቶ ሽሮና ምስር ወጥ ይሠራል፤ ባለቤቱ ዶሮ ገዝቶ እንዳይጠብቅ ቀድሞ ይነገረው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የክትባቱ ነገር ነው። ሲወለዱ ከሚሰጠው ቀጥሎ ያለው ክትባት በ6 ሳምንት፣ ማለትም በ42 ቀን ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ይህን ገና አልወሰደም፤ ለትክትክና ለሳንባ ምች መከላከያ ሳይኖረው ቤት ሙሉ እንግዳ መካከል ይገባል ማለት ነው። ሴቷ በ80 ቀኗ የ6 ሳምንቱንም የ10 ሳምንቱንም (70 ቀን) ወስዳ ትሄዳለች። ስለዚህ ለወንድ ልጅ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፦ የሚያስለው ሰው አይቀፈው፣ የሚያቅፈው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ አፉንና እጁን የሚስመው ሰው አይኑር፤ መሳም የፈለገ እግሩን ይሳም። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። በ42ኛው ቀን ገና ጎጃም ከሆናችሁ እዚያው ጤና ጣቢያ በነፃ ይከተባል። ከክትባት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰው ስለሚችል በተከተበ ማግስት ረጅም መንገድ አትጀምሩ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሕፃን ይዞ እየቆሙ ሲሄዱ ሙሉ ቀን እንደሚፈጅ አድርጋችሁ ያዙት። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽት መንገዱ ክፍት መሆኑን እዚያ ካሉ ዘመዶች አረጋግጡ፤ ጨለማ ላይ እንዳትደርሱም በማለዳ ተነሡ። ወደ ባሕር ዳር ለሚጠጋ ቤተሰብ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ ከቻላችሁ እሱ ይሻላል።

በመኪና የሚሄድ ሰው ትልቁ ፈተና የዓባይ በረሃ ነው። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ድልድዩ ጋ ከ1,000 ብዙም አይበልጥም፤ ደጀን ላይ እንደገና ወደ 2,400 ይወጣል። ይህ ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ለሕፃኑ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ጆሮው ነው፦ ቁልቁል ሲወረድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ጆሮው ይደፈናል፣ ያመዋልም። የሚከፍተው መዋጥ ስለሆነ ቁልቁለቱ ሲጀመር ተኝቶ ሳይሆን ነቅቶ እየጠባ ቢሆን ይመረጣል። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ልጁን ከመቀመጫው አውጥቶ እየነዱ ማጥባት አደገኛ ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ትንሽ አጥብታችሁ ተነሡ፣ ከዚያም ሰፋ ያለ ቦታ በተገኘ ቁጥር ዳር ይዛችሁ ቁሙና ጥቂት ጥቂት አጥቡት። ጡጦ ብቻ የሚጠባ ከሆነም እንዲሁ።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ለብርዱ በሦስት ድርብ የተጠቀለለ ልጅ ድልድዩ ጋ ሲደርስ በላብ ይጠመቃል። አራስ ልጅ ሙቀቱን እንደ ትልቅ ሰው መቆጣጠር አይችልም፤ ሲበዛበት ፊቱ ይቀላል፣ ይፈዛል፣ መጥባት ይተዋል። አንድ ወፍራም ልብስ ከማልበስ ሦስት ስስ ልብስ ደርቡ፤ ወደ ታች ሲወረድ አንድ በአንድ አውልቁ፣ ደጀን ሲቃረብ መልሳችሁ አልብሱ። እጁና እግሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆኑ አያሳውቁም፤ ማጅራቱን ዳስሱ። ላብ ካለው ሞቆታል። ኮፍያውንና ፊቱ ላይ የሚጣለውን ነጠላ መጀመሪያ አንሡ። ታልቦ የተያዘ የጡት ወተት በቀዝቃዛ ክፍል 4 ሰዓት ይቆያል፤ በረሃው ውስጥ ግን በረዶ በያዘ ሣጥን ካልሆነ አትመኑት። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ልጅ ከሆነ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ፣ ዱቄቱን ለብቻ ያዙና በሚጠጣበት ሰዓት በጥብጡ፤ ተበጥብጦ ከ2 ሰዓት ያለፈ ይደፋ።

በአውቶቡስ ከሆነ መቀመጫ ምረጡ። ጠዋት ወደ ሰሜን ሲጓዙ ፀሐይ በቀኝ በኩል ስለሆነች በግራ፣ ከኋላ ጎማው ራቅ ብሎ መካከል ላይ ተቀመጡ። መስኮት ይከፈት ሲባል የሚቆጣ ተሳፋሪ አይጠፋም፤ በረሃው ከመድረሱ በፊት ለረዳቱ «ሕፃን ይዘናል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ልጁን በአንቀልባ ጀርባ ላይ ሳይሆን ፊቱ በሚታይበት ሁኔታ ከፊት እቀፉት፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከተጣጠፈ አየር ያጥረዋል። በክረምት ገደሉ ላይ መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይጎረብጣል፤ አንገቱን በእጃችሁ ደግፉ። የግል መኪና ካለ መቀመጫው ከኋላ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱም ይውጣ። እናቲቱም አብራ ወርዳ ትንቀሳቀስ፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል። አንድ ባቷ ብቻ ካበጠና ካመማት ወደ ሐኪም ትሂድ።

አያቶች ቤት ስትደርሱ ሊያከራክር የሚችለው ቅቤው ነው። ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ፣ በጤና አዳም የተፈላ ውሃ ማቅመስ፣ እንጥል ማስቆረጥ በፍቅር የሚደረግ የቆየ ልማድ ነው። እስከ 6 ወር ግን ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ቅቤው ሆዱን ያስቀምጠዋል፣ ወደ ሳንባው ከገባም ምች ያመጣል። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል። ይህን የሚናገረው የቤቱ ልጅ ይሁን እንጂ ምራቲቱ አትሁን፤ አማት ከልጇ ስትሰማ አትቀየምም። «እማዬ፣ ሐኪሙ እስከ 6 ወር ሌላ ነገር እንዳይቀምስ አዘውናል፤ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ አድርጊላት» ቢባል ቅቤውም ክብሩን ያገኛል፣ እሷም ደስ ይላታል። የቡናው ጭስና ዕጣኑ ከሚጨስበት ቤት ልጁን አውጡት። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ዝቅ ያሉ ቦታዎች ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ስለሚበዛ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ የትንኝ ቅባት አይቀባም። ዳይፐር በቀን 8 ያህል ያዙ፤ ገጠር አይገኝም። በክረምት የታጠበ ጨርቅ ቶሎ ስለማይደርቅ ትርፍ ይኑራችሁ።

ለቤተ ክርስቲያኑ አንድ ቦርሳ ለብቻው በዋዜማው ይዘጋጅ፦ ሁለት ወፍራም ፎጣ፣ ሁለት ቅያሪ ነጭ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያና ካልሲ፣ ጋቢ፣ የማተብ ክር፣ ጧፍ። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ያስፈልጋል፤ አገር ቤት ያለ ሰው ከተመረጠ ቀድሞ ይነገረውና ጸሎተ ሃይማኖትን ያጥና። ልጁን ተክቶ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚያምነው እሱ ነው። ከዚያ ልጁ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና ስም ይወጣለታል፤ በቅዳሴውም መጨረሻ ይቆርባል።

ልጅ የሚበርደው ውሃው ውስጥ ሳለ ብቻ አይደለም፤ ወጥቶ እርጥብ እንዳለ በነፋስ ሲቆም ይብሳል። ደብረ ማርቆስም ቢቸናም ደጋ ናቸው፣ ንጋቱ ይቆረጥማል። ውሃው ለብ ቢል ይፈቀድ እንደሆነ ካህኑን መጠየቅ ነውር የለውም። ፎጣ የያዘ ሰው አጠገብ ይቁም፤ መጀመሪያ ጭንቅላቱ በመዳበስ ይድረቅና ኮፍያ ይደረግለት። ሜሮን የተቀባው ገላ እንዳይታሽ፣ ልጁም እስከ መቼ እንደማይታጠብ ካህኑ የሚሉትን ስሙ። ከዚያ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ይቆይ። ከቆረበ በኋላ ቢያስመልሰው በንጹሕ ጨርቅ ተቀብላችሁ ወዲያው ለካህኑ ንገሩ።

ቴርሞሜትር አይረሳ። በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ካሳየ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ (2 ወር ከሞላው 50 እና ከዚያ በላይ) ከተነፈሰ፣ ወይም መጥባት ካቆመ ድግሱ ቆሞ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ሆስፒታል አለ። በዋዜማው ቢታመምም እንዲሁ ነው። ቀኑ ቢያልፍ ቤተ ክርስቲያን ትቀበለዋለች፤ ሕመሙ ከጠና ደግሞ 40ው ሳይሞላም ካህን ጠርቶ ማስጠመቅ ይቻላል።

በድግሱ ቀን ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንዳይውል ለእናትና ልጅ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ይለቀቅላቸው፤ በሩ ላይም የምትከበር አክስት ትቀመጥ። መልስ ጉዞው በማግስቱ ሳይሆን ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ ይሁን። በረሃው በማለዳ ሲታለፍ ቀዝቀዝ ስለሚል ከደብረ ማርቆስ ገና ሲነጋ ተነሡ፤ ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድም ጆሮው እንደገና ስለሚደፈን ደጀን ላይ ቆማችሁ አጥቡት።